ስሙን የሚያውቅ ሰው

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አዲስ ዓለም ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ «መርዋን ጂን አግብቷታል» ሲል እኔ መርዋ ምንም አልሰማሁም። የሰማሁት ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ያውም ከባጃጅ ሾፌር።

በሽታዬ እኮ ስም አለው። በየወሩ ደም ሊመጣ ሲል ሆዴን የሚቀደው፣ ባሌ ሲነካኝ የሚያስጮኸኝ፣ ልጅ የከለከለኝ ነገር ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። «ማህፀን ውስጥ መብቀል ያለበት ሽፋን ከማህፀን ውጭ በቅሎ ነው» አለን ሐኪሙ። አለን የምለው ባሌ ሳሊም አጠገቤ ስለነበር ነው። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ስሙን እየደጋገመ ሲሞክረው፣ ምላሱ ሲተሳሰርበት፣ እኔ በሳቅ ፍርስ! ፒያሳ ስንደርስ ጥርት አድርጎ ጠራው። «ስሙ ራሱ ያሳምማል፣ ወላሂ» አለ። ያኔ ወደድኩት፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐኪሙ ኪኒን አዘዘልኝና የምክር ሕክምና ወደምትሰጠው ነርስ፣ ወደ ሲስተር ሰርካለም ላከኝ። «ህመሙ ሳይመጣ ፍርሃቱ ይቀድማል» አለችኝ። «ሰውነትሽ ጅብ እንዳየ ሰው የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል። ሆድሽ ይኮማተራል፣ ህመሙም ይብስብሻል። እስቲ ፍርሃቱን እናስታግሰው።» ልምምዱ ቀላል ነው። በር እዘጋለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ሲጀምረኝ ደግሞ ህመሙን ጮክ ብዬ አናግረዋለሁ። «መጣህ? ና፣ አልፈራህም። እንደመጣህ ትሄዳለህ።» ጅል ነገር መስሎኝ ነበር። ግን ወራት ሲያልፉ ረገብ አለልኝ፤ ሱቅ መዋል፣ ጨርቅ እየለካሁ ከደንበኛ ጋር መቀለድ ሁሉ ጀመርኩ።

አማቴ እትዬ ሃጂራ ለካ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ምን ሰሙ? ምራታቸው ብቻዋን ክፍል ዘግታ፣ እየተነፈሰች፣ «ና፣ አልፈራህም» ስትል። በቃ! ባሏን የምትሸሸው፣ የማትወልደው ለዚህ ነው! ጂን ወዷታል፣ ባል ሆኗታል!

«እህቴ፣ ጂኑን ሐሙስ ሊያስወጡልሽ ነው አሉ። አላህ ያሽርሽ» አለኝ ከሱቅ ያመጣኝ የባጃጅ ሾፌር።

ቤት ስገባ ኪኒኔ የለም። «ሽንት ቤት ጣልኩት» አሉኝ እትዬ ሃጂራ። «ጂኑን የሚቀልበው እሱ ነው።» ሳሊምን ጓዳ ጎትቼ አስገባሁት።

«ንገራቸው እንጂ! አብረኸኝ ሰምተሃል። ስሙን ታውቀዋለህ!»

«እናቴን ፊት ለፊት ውሸታም ልበላት? ተይው፣ ያልፋል። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝ እኔ እነቅዛለሁ! ጂን የሚያስወጣው ሰውዬ ይገርፋል አሉ!»

እጄን ያዘኝ። «እጁን ካነሳብሽ እናገራለሁ። ወላሂ።»

ወላሂ ካለ ምን እላለሁ? አመንኩት።

ሐሙስ ከዐሱር ሶላት በኋላ ሰውየው መጣ። ሸኽ እንዳትሉት! የሰፈራችን ሸኽማ «ሐኪም የያዛትን ሴት አልነካም፣ ተዋት» ብለው ቀርተዋል። ይሄ ከቆላ የመጣ፣ ቦርሳው ውስጥ አለንጋ ይዞ የሚዞር ነው። የጎረቤት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ሳሊም በሩ አጠገብ። ሰውየው ፍም ላይ በርበሬ ነሰነሰ። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘው። የወር አበባዬ ቀን ገና ነበር፤ ሰውነቴ ግን ጅቡን አየ። ሆዴ ኩምትር አለ። መጣ፣ ያ ህመም።

ፈራሁ፣ በአላህ ስም እንዴት ፈራሁ! ብጮህ ጂኑ ጮኸ ይላሉ። ዝም ብል ተደበቀ ይላሉ። እጄ ሳላስበው ሆዴ ላይ ሄደ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ እየሳልኩ በረጅሙ ተነፈስኩ።

«አያችሁ! ይኸው ጀመራት!» አሉ እትዬ ሃጂራ።

ሰውየው አለንጋውን አወጣ። «አንተ! ስምህ ማን ነው? ተናገር!»

ዓይኔን ገልጬ ሳሊምን ብቻ አየሁት። ባጃጅ ውስጥ እንደተለማመደው፣ ጥርት አድርጌ ተናገርኩ።

«ኢንዶሜትሪዮሲስ!»

ቤቱ ተንጫጫ። «አዑዙ ቢላህ! የፈረንጅ ጂን ነው!»

የሳሊም ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ ሳያወጣ፣ ምንም ሳይሳሳት፣ ስሙን ይለዋል። አለንጋው ወደ ላይ ተነሳ።

«ሳሊም!» አልኩ።

ሳሊም ብድግ አለ። ወጣና፣ ጩኸቴ ለመንገደኛ እንዳይሰማ በሩን ከውጭ ዘጋው።