ልጆች በማይደርሱበት ቦታ

ብርነሽ ከመካኒሳ ሚኒባስ ይዛ ወደ ስብሰባው የሄደችው አስረስ ሦስት ጊዜ ስለደወለላት ነው። አስረስ የሕግ ባለሙያ ነው፤ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጡ የጦር መሣሪያዎች የሚወጣውን መመሪያ ከሚያረቅቁት አንዱ። ልጅ የሞተባት እናት ብትናገር ሰው ይሰማል አላት። እምቢ ለማለትም ጉልበት አጣች።

ልጇ ጸደንያ ሽጉጥ ባርቆባት ከሞተች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ሰባት ዓመቷ ነበር። ሽጉጡ የአባቷ የከበበው ነው፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው። ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ጥፋተኛ ብሎ በገደብ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ ስለ ልጃቸው አንስተው አያውቁም። ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራሉ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰውዬ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ያነባል። ብርነሽ ከፊቷ የተቀመጡትን ሰዎች ጫማ እያየች ትሰማለች። «ባለፈቃዱ መሣሪያውን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ አለበት» ሲል እጇን አወጣች። ማይክ አመጡላት።

«እኛም ቤት ልጅ በማይደርስበት ቦታ ነበር» አለች። «ቁም ሳጥን ላይ፣ ሻንጣ ውስጥ። እኔ ራሴ ወንበር ላይ ካልወጣሁ አልደርስበትም።»

ሰውዬው ማንበቡን ትቶ አያት።

«ልጄ ወንበር ላይ በርጩማ ደርባ ወጣች። ሽጉጥ ፍለጋ አይደለም። የገና ልብሷን እዚያው ሻንጣ ውስጥ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ይህን ለፖሊስም ለባሌም አልተናገርኩም።»

አጠገቧ የነበረች ሴት ሶፍት አቀበለቻት። ብርነሽ ተቀብላ እጇ ላይ ያዘችው።

«‹በማይደርሱበት› የሚለውን አውጡት። ይቆለፍ በሉ። ጥይቱ ለብቻው ይሁን፤ ቁልፉም ከባለቤቱ እጅ አይለይ» ብላ ተቀመጠች።

አስረስ ጻፈ። ሌላ ተሰብሳቢ ተነስቶ የገጠሩ ሰው ቁልፍ ያለው ሣጥን ከየት ያመጣል ብሎ ተከራከረ። ለሻይ ሲወጡ ብርነሽ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከበበው ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። እንዴት እንደነበር ጠየቃት። ስለ አንቀጹ ነገረችው፤ በዚያው ድምፅ ስለ ልብሱም ነገረችው።

«አውቃለሁ» አለ። «ፖሊሶቹ ሻንጣውን ሲፈትሹ ልብሱን አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ይጠቅምሻል ብዬ።»

ብርነሽ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ከሁለት ወር በኋላ አስረስ ደወለ። «ተቆልፎ» የሚለው ገብቷል፤ የሚቀረው የኃላፊዎች ፊርማ ነው አላት። አመሰገነችው። ራት ላይ ለከበበው ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከራሱ በኩል ያለውን ወጥ ወደ እሷ ገፋ አደረገና «ብዪ እንጂ» አላት። በላች።