ዓይነ ሜትር

ወንድሜ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቤት በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እጁን አውጥቶ አስፈቀደኝ። ቀልድ አይደለም። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ ቀና ስል ከስፌት መኪናው ኋላ እንደ ተማሪ እጁን ሰቅሎ ተቀምጧል።

“ምን ሆንክ ወንድም ጋሼ?” አልኩት።

“ትንሽ ወጣ ልበል?” አለኝ። ወዲያው ምን እንዳለ ለራሱም ገባውና እጁን አወረደ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። እኔ ደግሞ ክፉ አፍ አለኝ፣ አልክድም፤ “ሂድ፣ ስትመለስ ግን ፈርመህ ትገባለህ” አልኩትና በሳቅ ፈነዳሁ። እሱ አልሳቀም። ሄዶ ሲመለስ እያለከለከ ነበር። ለካ እንዳይዘገይ ሮጦ ኖሯል። ያኔ ሳቄ ከአፌ ላይ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ሳለ የሚሠራው ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ “ልብስ ሰፊ ልብስ ፋብሪካ ገባ፣ ታድሎ!” ይል ነበር። እዚያ ግን ልብስ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዱ ኪስ ይሰፋል፣ አንዱ ኮሌታ፣ አንዱ ገበር። ለወንድሜ የደረሰው የግራ እጅጌ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የግራ እጅጌ! የቀኙን የሚሰፋው ሰው ፊት ለፊቱ ይቀመጥ ነበር፤ ስሙን እንኳ በወጉ አላውቀውም አለኝ። ደወል ሲደወል ይበላሉ፣ ደወል ሲደወል ይነሳሉ፣ በመሃል መውጣት የፈለገ እጁን ያወጣል።

ከዚህ ቤት ሲወጣ እኮ እንዲህ አልነበረም። ሰፈራችን የሚያውቀው “ዓይነ ሜትር” በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ጎረቤታችን አናጢው ነበር። የአባባ ልብስ ስፌት ቤት ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ከፍ ይላል፤ በሩ ላይ አንዲት ረጅም አግዳሚ ወንበር አለች። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንውለው እዚያች ወንበር ላይ ነው። ጨዋታችንም አንድ ነበር፤ የመንገደኛውን ልክ መገመት።

“የዚያ ሰውዬ ወገብ?” እለዋለሁ።

“ዘጠና ሁለት። ሱሪውን ያሰፋው ግን ዘጠና ሳለ ነው። አታይም ትንፋሹን ይዞ ሲሄድ?”

እኔ በሳቅ እንፈራፈራለሁ። አባባ ከውስጥ ሆነው “እናንተ ልጆች፣ ተዉ የሰው ሆድ አትለኩ!” ይሉናል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ከመንገደኛው ውስጥ ደንበኛ ሆኖ የገባ እንደሆነ በሜትር ይለኩታል፤ ወንድሜ ያለው ቁጥር እዚያው ቁጭ ብሎ ይገኛል። ቢሳሳት በአንድ ሳንቲ ሜትር ነው።

የካውያው ሙቀት፣ የጠመኔው ብናኝ፣ ሦስቱ መኪናዎች ባንድ ላይ ሲንጫጩ... ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል። ሦስት ሰው ብቻ ያለበት ቤት ነው የሚል አልነበረም። እሱ ከሄደ በኋላ ያንደኛው መኪና ድምፅ ጠፋ። አባባ ጨርቅ አለበሱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ገልጠው ዘይት ይቀቡታል። “ማን ሊሰፋበት ነው?” ስላቸው፣ “ዝገት ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም” ይሉኝ ነበር። ምግባቸውንም ነካ አድርገው መግፋት ያመጡት ያኔ ነው።

አሁን የመጣው ለሁለት ወር ፈቃድ ነው። የመመለሻ ትኬቱ ፓስፖርቱ ውስጥ፣ ፓስፖርቱ ሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣው አልጋው ሥር። ቁምሳጥኑን አጽድቼ መስቀያ ደርድሬለት ነበር፤ ባዶውን ቀረ። ሸሚዝ ሲፈልግ ከሻንጣው ያወጣል፣ ታጥቦ ሲደርቅ አጥፎ እዚያው ይመልሳል። አባባ ያን ሲያዩ ይውላሉ እንጂ አንድ ቀን “ቅር” አላሉትም።

“ቅር ካልኩት ለኔ ብሎ ይቀራል” አሉኝ። “ለኔ ብሎ የቀረ እንደሆነ ደግሞ አንድ ቀን ይቆጨዋል። ራሱ ይወቀው።”

እኔስ? እኔማ እንዲቀር ሞቼ ነበር። ግን መለመን አይሆንልኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ያለሱ ሠርቼ፣ አሁን እግሩ ላይ ልውደቅ? አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ በዘዴ ልያዘው ብዬ አግዳሚዋ ላይ አስቀመጥኩትና አንዲት መንገደኛ አሳየሁት።

“የዚያች ሴትዮ ትከሻ?”

“እኔ እንጃ” አለኝ።

“ገምት እንጂ!”

“እህት ዓለም፣ ተይኝ። ሰው ሳይ የሚታየኝ የግራ እጅጌው ብቻ ነው።”

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ወንድሜ ልቡን የት ጥሎት እንደመጣ ግራ ገባኝ።

ይህን ስንነጋገር አባባ ከውስጥ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። በማግስቱ ሳጥናቸውን ከፍተው አንድ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አወጡ። ወንድሜ በሄደ በመጀመሪያው ዓመት የላከላቸው ነው። ስንት ጊዜ “ልስፋልዎት” ብዬ አሻፈረኝ ብለውኛል።

“ይቺን ኮት አድርግልኝ” አሉት።

ወንድሜ ጨርቁን ሲያይ ክው አለ። “አባባ! እስካሁን አላሰፉትም?”

“የላከው ይስፋው ብዬ ነው።”

እኔ ሜትሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

“የአባባን ልክ ነው የምለካው? ከስሜ በላይ የማውቀውን! ትከሻ አርባ ስምንት፣ ደረት መቶ አሥራ ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ ሦስት። እዚያ ሆኜ እንዳልረሳው ብዬ ከመተኛቴ በፊት በየቀኑ እለው ነበር።” ይህን ሲናገር ፊቱ በራ። ከመጣ ወዲህ እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

እኔ ግን አባባን አየኋቸው። መቶ አሥራ ሁለት እኮ በሩን ሞልተው ይገቡ የነበሩት የዚያ ትልቅ ሰው ልክ ነው። እኔ በየቀኑ ሳያቸው ስለኖርኩ የትኛው ቀን ላይ እንደቀነሱ አላውቅም፤ ሱሪያቸውን ግን ሦስት ጊዜ አጥብቤያለሁ። ወንድሜ ደግሞ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ሳለ የድሮውን አባቱን ነው የሚያየው። አፌን ልከፍት ስል አባባ አፈጠጡብኝ።

“ተይው እሙዬ” አሉ። “ልጁ ልኬን ያውቃል።”

ሜትሩን አንገቴ ላይ መልሼ ተውኩት።

ስፌቱ ስድስት ቀን ፈጀበት። በመጀመሪያው ቀን የግራውን እጅጌ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ፣ የሚቀጥለውን ሊቀበል እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ማንም ምንም አላቀበለውም። የቀኙን ሦስት ጊዜ ሰፍቶ ሦስት ጊዜ ተረተረው። አንዴማ ሁለቱንም ግራ አድርጓቸው አረፈ። “በል እንግዲህ፣ ሁለት ግራ እጅ ያለው ደንበኛ እናፈላልግ” ስለው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሰይ! የድሮ ሳቁን ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ጣቶቹ ነገሩን ያስታውሱ ጀመር። ምሳው ፊቱ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀና አይልም። አባባም ከራሳቸው መኪና ኋላ ሆነው፣ እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው የሱን ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

“እሙዬ፣ ያን ወፍራሙን ሹራቤን አምጪልኝ።”

“በዚህ ንዳድ?”

“አምጪ ስልሽ አምጪ። ሌላኛውንም።”

ገባኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ሁለቱን ሹራብ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤ አለበስኳቸው፤ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ፎጣ አጥፌ ከሥር አደረግኩላቸው። ከዚያ ወጥተው ኮቱን ለበሱ። ቁጭ አለ።

“ልኬ ነው” አሉ።

ወንድሜ ዙሪያቸውን ዞረ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ራቅ ብሎ አየ። “አልረሳሁም! አየሽ እህት ዓለም? አልረሳሁም!” አለኝ። ከዚያ ጠርጠር አደረገና “እጅጌው ግን ትንሽ አልወረደም?” ሲል፣ አባባ ክንዳቸውን አጠፍ አድርገው “እኔ እንዲህ ነው የምሄደው” አሉት። እውነትም እንደዚያው ክንዳቸውን አጥፈው ወደ ጎዳና ወጡ። አናጢው መጋዙን ጥሎ “ዓይነ ሜትር ተመለሰ በሉኛ!” ብሎ ጮኸ።

የዚያን ዕለት ወንድሜ ከሻንጣው ሁለት ሸሚዝ አውጥቶ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሰቀለ። በማግስቱ ሦስተኛ ጨመረ። አባባ ነገሩን አይተውታል፤ ኮቱን ከላያቸው አላወርድ አሉ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይንቆረቆራል፣ እሳቸው እቴ!

“አባባ፣ ኧረ ይበቃል፣ ቀልጠው ሊያልቁ ነው” ብላቸው፣

“ስንት ሸሚዝ ቀረው?” አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጭው አለባቸውና ወደ ጎን ዘንበል አሉ። ወንድሜ ዘሎ ደገፋቸው። “አየር ያግኙ!” እያለ የኮቱን ቁልፍ ፈታ። ሹራብ። ሹራቡን ወደ ላይ ሰበሰበው። ሌላ ሹራብ። ከትከሻቸው ላይ ፎጣው ተንሸራቶ ደረጃው ላይ ወደቀ። እኔ ውሃ አመጣሁ፤ ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ደህና ሆኑ። ደህና ያልሆነው ወንድሜ ነው። ከመጣ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል፣ አባቱን ገና ያን ቀን አያቸው። በስስ ሸሚዝ ውስጥ የሁለቱ ትከሻቸው አጥንት ቆሞ ይታይ ነበር።

“አንቺ ታውቂ ነበር?” አለኝ።

“አዎ።”

ኮቱን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቁምሳጥኑ በር ተንሳጠጠ፤ ከዚያ የሻንጣው ዚፕ ተሰማኝ። አለቀልን አልኩ። አባባ እኔን ተደግፈው ተነሱና ገባን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዞቹን መልሶ ያጥፋል።

“አበላሸሁት አባባ” አለ ቀና ሳይል። “ዓይኔ ጠፍቷል። እኔ እጅጌ ሰፊ ነኝ፤ በቃ፣ ወደ እጅጌዬ ልመለስ።”

“ስማ አንተ ልጅ” አሉ አባባ። “አርባ ስምንት፣ መቶ አሥራ ሁለት። አንዲት ሳንቲ ሜትር አልሳትክም። የሄድክ ዕለት ልክ እንደዚያ ነበርኩ። እኔ እዚህ ሳልቅ አንተ ዘንድ ሙሉ ሆኜ ኖሬያለሁ። እንዲህ አድርጎ የያዘኝን ልጅ ነው ተሳሳተ የምለው?” ትንፋሽ አጠራቸው። “ጥፋቱስ የኔ ነው። ‘ለካኝ’ ልልህ ስል አፈርኩ። ማነሴን እንድታይብኝ አልፈለግኩም።”

ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ልጆች ሳለን እሳቸው ሊለኩን ሲሉ እንደዚያ ነበር የምንቆመው።

“በል፣ አሁን ለካኝ።”

ወንድሜ ተነሳና ሜትሩን ከአንገቴ ላይ ወሰደ። እኔ የልክ ደብተሩን ገለጥኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ የአባባ ነው።

“ትከሻ፣ አርባ አምስት” አለ። ጻፍኩ።

“እጅጌ፣ ስልሳ አንድ።” ጻፍኩ።

“ደረት...” አለና ሜትሩን በጀርባቸው ሊያዞር ክንዱን ሰደደ። ሰደደና እዚያው ቀረ። አገጩን አናታቸው ላይ አሳርፎ አቅፏቸው ቆመ። ድሮ አናታቸው ጋ አይደርስም ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሁለቱም አልገደደም። እኔም ብሆን ደብተሩን አበላሸሁት። ቁጥሩን እስኪነግረኝ ብዙ ጠበቅኩ።

“ዘጠና ስምንት” አለኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ተርትሮ ማጥበብ ጀመረ። ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ በረራው ሐሙስ ነበር። ልጠይቀው አፌ ላይ እየመጣ እመልሰዋለሁ። በጎንና በጎኑ አራት አራት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ወጣ። ልቆርጥለት መቀስ አነሳሁ።

“ተይ! እንዳትቆርጪው!” አለኝ።

“ምነው? ስፌቱ ያብጥብሃል እኮ።”

“ወደ ውስጥ ይታጠፍ።”

“ምን ሊያደርግልህ?”

“ይወፍሩ ይሆናል።”

አባባ ከመኪናቸው ኋላ ሰምተው ኖሯል። “ብወፍርስ? ማን ሊያሰፋልኝ ነው?” አሉ፣ ጨርቃቸውን እያዩ።

“እኔ ነኛ” አለ ወንድሜ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣

“እሙዬ፣ ምሳ አልደረሰም እንዴ?” አሉኝ።

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።