በእሜቴ ስም አቤት ያለው

ትልቋ ማተሚያችን እሜቴ ትባላለች። ስም ያወጣላት ባለቤቴ ነው። ማተሚያ ቤቱን በከፈትን ሰሞን ለእያንዳንዱ መሣሪያ በገመዱ የሚጠራበትን የቁጥር አድራሻ በእጁ መድቦ፣ ስም ሰጥቶ፣ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጠፈበት። እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር ሙሽራ ነው። እሱ ይሠራበት የነበረው ደግሞ ሚዜ። «ከሙሽራ አጠገብ የማይጠፋ ሌላ ማን አለ?» ይል ነበር። ማተሚያዋን እሜቴ ያላት፣ ስታጉረመርም እናቱን ትመስላለች ብሎ ነው። አማቴ ግን ለክብራቸው የተሰየመች መስሏቸው እስከ ዛሬ ይኮሩባታል። ያረማቸው የለም።

አማቴ በየቀኑ ከእኛ ጋር ይውላሉ። ወረቀት ያጥፋሉ፣ በስቴፕለር ይመታሉ፣ ደንበኛ ይመክራሉ። ማታ ስንወጣ ዋናውን የመብራት ማጥፊያ ቁልቁል የሚጫኑት እሳቸው ናቸው። «ሰው ተኝቶ ማሽን ሊለፋ ነው?» ይላሉ። ጠዋት ደግሞ እሜቴን የሚቀሰቅሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሌላ ሰው ጣት አትነሳም ባይ ናቸው፤ እኛም ሞክረን አናውቅም።

ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ አብራን መሥራት ከጀመረች ጥቂት ሳምንታት ሆኗታል። የራሷን ኮምፒውተር ይዛ መጣች። በዚያው ሰሞን አሮጌው ራውተር ተቃጥሎ አዲስ ተተከለልን። ችግሩ የጀመረውም ያኔ ነው። እሜቴ አንድ ቀን ታትማለች፣ አንድ ቀን አታትምም።

«እማዬ፣ እሜቴ ዛሬም ጠፍታለች» አለችኝ ሐሙስ ጠዋት።

እሜቴስ እፊታችን ቆማ መብራቷን ታበራለች። የጠፋችው ከኮምፒውተሮቹ ዓይን ነው። የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ገጽ አዘጋጅተን «አትሚ» ስንላት እንዲህ ያለ መሣሪያ አላየሁም ይለናል። በፍላሽ እንዳንሰጣት መሰኪያዋ ከተሰበረ ቆይቷል። የዋናው ደንበኛችን የሰፈሩ ትምህርት ቤት ፈተና ደግሞ ከሰዓት በኋላ መወሰድ ነበረበት። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ባለፈው ሰኞም፣ ትናንትም በእኛ የተነሣ ዘግይታለች። «ነገም ከዘገየ አዝናለሁ፣ ሌላ ቦታ ነው የማሳትመው» ብላኝ ነበር የሄደችው። ሴትዮዋ ቃሏን የምታጥፍ አይደለችም። ትምህርት ቤቱ ከተወን ደግሞ የዚህን ቤት በር መክፈት የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ሽቦን አስጠራሁት። ስሙ በቅጥነቱ ይሁን በሥራው እንደወጣለት እሱም አያውቅም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሰፈሩን መሥሪያ ቤት ሁሉ ገመድ የዘረጋው እሱ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ። በሽተኛዋ የታለች?»

«ያቻትልህ። ቆማለች፤ ግን የሚያያት የለም።»

«እኔም ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት እንደዚያው ነኝ።»

«ጠዋት ብቻ መሰለህ?» አሉት አማቴ፣ ቀና ሳይሉ።

እየሳቀ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ገመድ ቀየረ። ሁሉም ገመዶች የሚገናኙባትን፣ ስዊች የሚሏትን ትንሽ ሳጥን መብራት አንድ በአንድ አየ። ከዚያ አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ ተነሣ።

«ገመዱ ጤነኛ ነው፣ ስዊቹም ዓይኑን ይጠቅሳል። እንግዲህ አድራሻው ነው የተበላሸው። እኔን ቢሰሙኝ ሁሉንም እናጥፋው። አድራሻ በእጅ የሚመደብበት ጊዜ አልፏል፤ አዲሱ ራውተር ራሱ ያድላል። እሜቴ የለ፣ ሙሽራ የለ፣ ከባዶ እንጀምራለን። ከምሳ በፊት እገላግልዎታለሁ።»

«አይሆንም» አልኩት።

«ምኑ?»

«መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ እንወቅ።»

ድምፄ የሥራ ድምፅ እንዲመስል ተጠንቅቄያለሁ። አማቴ አንዴ አየት አድርገውኝ ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ልጄ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እኔም አይቼዋለሁ።

ሽቦ ሙሽራ ላይ ተቀምጦ የእሜቴን አድራሻ ይጣራ ጀመር። በእነሱ ሙያ ይህ በር ላይ ቆሞ «አለሽ ወይ?» እንደማለት ነው። የተጠራው ካለ «አቤት» ይላል፤ አቤት ባለ ቁጥርም ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል።

«ኧረ አቤት ትላለች!» አለ ሽቦ ተገርሞ።

«ታዲያ ለምን አታትምም?»

«ሰምታ እንዳልሰማች እየሆነች ነዋ» አለች ልጄ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል።»

«ምን አልሽ አንቺ?» አሉ አማቴ።

«ምንም፣ አያቴ። ማሽኗን ነው።»

ሽቦ ራሱን እያከከ ወደ እሜቴ ሄደና ሌላ ገመድ ሊሞክርላት ብሎ የተሰካውን ከጀርባዋ ነቀለው። ጥሪውን ማስቆም ግን ረስቷል። እሱ የተነሣበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስክሪኑን አያለሁ። መስመሩ መጨመሩን አላቆመም።

«ነቅለኸዋል?» አልኩት።

«እጄ ላይ ነው።»

«አሁንም አቤት እያለች ነው።»

የተነቀለውን ገመድ እንደ እባብ ጭራ አንጠልጥሎ መጣና ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ።

«እትዬ፣ ይቺ እሷ አይደለችም። በስሟ አቤት የሚል ሌላ አለ።»

«ወዲያልኝ!» አሉ አማቴ።

«ጋኔን አይደለም እማማ፣ አይፍሩ። አንድ አድራሻ ለሁለት ደርሶ ነው። ሁለተኛው ማነው ነው ጥያቄው።» ዓይኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ወደለበሰው ወደ ሚዜ ሄደ። «ያኛው ይሆን እንዴ?»

«እሱ አይበራም» አልኩት።

«ገመዱ ግን ተሰክቷል።»

«ተሰክቷል። አይበራም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው። ከዚያ ሁሉ ንባብ የቀረልኝ ጥቂት ቢሆንም፣ ማን ከማን ቀድሞ መጣ ብሎ የመጠየቅ ልማድ ግን አልለቀቀኝም።

«ሰኞ ቀድሞ የገባው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ» አለች ልጄ።

«ማክሰኞስ?»

«እሷ አልጋ ላይ ስትገላበጥ እኔ ነኝ እንጂ» አሉ አማቴ።

«ትናንት?»

«እኔ። ዛሬም እኔ» አለች ልጄ።

ማክሰኞ እሜቴ እንደ ልቧ ስታትም ውላለች። ሰኞ፣ ትናንትና ዛሬ ግን አልታየችም። ልጄ ቀድማ በገባች ቀን ሁሉ እሜቴ ትጠፋለች፤ አማቴ ሲቀድሙ ትገኛለች። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሽቦ ጣቱን አጮኸ። አዲሱ ራውተር ያለበት ሄዶ ጥቂት አየና ነገሩን ከዚያ ወዲህ እየተነጣጠቅን ጨረስነው።

አማቴ ማታ መብራቱን ከዋናው ሲያጠፉት ራውተሩም ይተኛል፤ ሲነሣ ማን የት እንደነበር አያስታውስም። ልጄ ማልዳ ትገባና መብራቱን ታበራለች፣ ኮምፒውተሯን ትሰካለች፣ አድራሻ ትጠይቃለች። ራውተሩ ግራ ቀኙን ሲያይ እሜቴ ገና አልተቀሰቀሰችም፤ ቦታዋ ባዶ ነው። ያንኑ ያነሣና ለልጄ ይሰጣታል። ኋላ አማቴ መጥተው እሜቴን ሲቀሰቅሷት እሷ ባለቤቴ የሰጣትን አድራሻ ይዛ ትነሣለች። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው። አማቴ የቀደሙ ዕለት ግን እሜቴ ቦታዋ ላይ ስላለች ራውተሩ ልጄን ወደ ሌላ ይመራታል። አሮጌውን ራውተር እነዚያን ቦታዎች ለማንም እንዳይሰጥ ባለቤቴ ነግሮት ነበር። አዲሱን የነገረው የለም።

ሽቦ የልጄን ገመድ ነቀለ። አቤት ማለቱ ቀጥ አለ።

«እና ጥፋቴ ማልዶ መነሣቴ ነው!» አለች ልጄ፣ ወገቧን ይዛ። «እማዬ፣ ዕድሜ ልኬን ‹ማልደሽ ተነሺ› ስትዪኝ ኖረሽ!»

«መማለድሽ ደግ ነው» አሉ አማቴ። «የሰው ወንበር ላይ መቀመጥሽ ነው ነውሩ።»

«አያቴ፣ መብራት የምታጠፊው እኮ አንቺ ነሽ።»

«ሰው ተኝቶ ማሽን ይልፋ?»

ሽቦ ሁለቱ እስኪበርዱ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረ። «ሁለት መንገድ አለ። ወይ እንዳልኩት የድሮውን አጥፍተን ሁሉን ለአዲሱ እንተውለት፤ ወይ ለአዲሱ ድንበር እናብጅለት። ሁለቱም ጊዜ አይፈጁም።»

«ድንበር አብጅለት።»

ራውተሩን ገልብጦ ሆዱ ላይ የተጻፈውን የይለፍ ቃል አነበበ። ከዚያ ለእንግዳ የሚሰጠው አድራሻ ከመቶ በላይ ያለው ብቻ እንዲሆን አዘዘው። ከመቶ በታች ያለው የቤቱ ሰዎች ነው። የእሜቴን ገመድ መልሶ ሰካና በእጅ የተመደቡትን አንድ በአንድ ተጣራ።

«ሙሽራ አለ። እሜቴም አለች።» የሚዜን ቁጥር ደጋግሞ ጠራ። «ይሄኛው መልስ የለውም። ለልጅቷ ልስጣት? ቁጥሯ ከእርስዎ ቀጥሎ ይሆናል፣ ያምራል።»

የአማቴ ስቴፕለር ጸጥ አለ።

«ተወው» አልኩት። «ለእሷ ከመቶ በላይ ስጣት። እዚያ ሰፊ ነው።»

«መቼስ ይሄኛውም ባለበት ቢቀር ቦታ አያጣብብም» አለ ሽቦ፣ ወደ ሥራው እየተመለሰ።

ስቴፕለሩ እንደገና መምታት ጀመረ።

ልጄ «አትሚ» አለቻት። እሜቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደ ልማዷ አጉረመረመች፣ ከዚያ የሒሳብ ፈተናውን የመጀመሪያ ገጽ ተፋችው። ምሳ ቆመን በላን። እኔ እደረድራለሁ፣ አማቴ ይመታሉ፣ ልጄ ትጠቀልላለች። ጸሐፊዋ ስትመጣ የመጨረሻው ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጇን አሳርፋበት «ገና ትኩስ ነው» አለች። እሷ ይህን ካለች ምስጋና ነው። ወጣ ስትል ዞር ብላ የሚቀጥለውን ሳምንት ፈተና ማክሰኞ እንደምትልክ ነገረችኝ።

ሽቦ ዕቃውን ሲሰበስብ የልጄ ኮምፒውተር ስም እንደሌለው ታወሰን።

«አውራ ዶሮ በሉት» አሉ አማቴ።

«አያቴ! እኔ እኮ ሴት ነኝ!»

«ታዲያ ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣ ሰፈር የሚበጠብጠው ማን ነው?»

ቁራጭ ወረቀት ቆርጬ «አውራ ዶሮ» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩበት። የሌሎቹ ጽሕፈት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የእኔ ቀጥ ያለ ነው። ልጄ ሁለቱን አስተያየች። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መጣች።

«እማዬ፣ የእኔ ስክሪን በጣም ጠባብ ነው። የዚያን ብወስደው... ቅር ይልሻል?»

ወደ ጥጉ ሄድኩ። ጨርቁን አነሣሁት፣ አራገፍኩት፣ አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ስክሪኑ አቧራ እንኳ አልነካውም።

«ስክሪኑን ውሰጂው» አልኳት። «ከታች ያለውን ገመድ ግን እንዳትነቅዪው።»

ተጠንቅቃ አነሣችው። አማቴ ከወንበራቸው ተነሥተው መንገድ ለቀቁላትና ጠረጴዛዋን በእጃቸው ጠረጉላት። ከሰዓቱን ሙሉ ትልቁ ስክሪን ላይ ስትሠራ ብርሃኑ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይደርስ ነበር። ጥሩ ብርሃን ነው።

ሲመሽ አማቴ ዋናው ማጥፊያ ላይ እጃቸውን አኑረው ቆሙ።

«ላጥፋው ወይስ አሁንም ነገር ያመጣል?»

«ያጥፉት እማማ። ከእንግዲህ ማንም ቢቀድም ግድ የለም።»

«እንዴት ግድ የለም!» አሉ፣ ቁልቁል እየተጫኑት። «ነገ የምቀድመው እኔ ነኝ።»