ለቅላቂት አይበገሬን የገደለችበት እሑድ

ሰው መጽሐፍ ውስጥ ከገባ ንጉሥ ሆኖ፣ ቢያንስ ቢያንስ የንጉሥ አማካሪ ሆኖ መግባት ይመኛል። እትዬ የገባችው ጭራቅ ሆና ነው።

ያስገባት ደግሞ ባዳ አይደለም፤ አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሰፈሩ «ደራሲው» ይለዋል። ቀን ቀን በየቤቱ እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፤ ከሥራ መልስ ዘንዶ ይገድላል፣ በወረቀት ላይ ማለት ነው። የሰይፍና የድግምት ልብ ወለዱ ታትሞ የወጣ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጂ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ እትዬ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሮጠ። የፊት ገጹ ላይ «ለእህቴ፤ ያላንቺ ይህ መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር» ብሎ ፈርሞበታል። እትዬ እንባዋ መጣ። ምነው ባልመጣ!

ማሽኑ ልብስ ሲያሽከረክር እሷ የዱቄት ሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ጀግናው አይበገሬ ይባላል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ደራሲው ስለሆነ ማን ይከለክለዋል። አይበገሬ አንድ ረግረግ ሲደርስ ለቅላቂት የምትባል ጭራቅ ትገጥመዋለች። መንገድ የጠፋበትን ሰው ይዛ፣ ልብሱን ከነቆዳው ገፍፋ፣ በረግረጉ ውሃ ለቅልቃ የምታሰጣ ጉድ ናት። እትዬ ከት ብላ ሳቀች። «ምን ዓይነቷ ናት እቴ!» አለች ለማሽኑ። ለቅላቂት ከመናገሯ በፊት ሁለቴ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እትዬ አሁንም ሳቀች። ለቅላቂት ሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ልትል ስትል «እኔ ምን ቸገረኝ» ብላ ትጀምራለች። እትዬ ሳቋን ቀነስ አደረገች። ለቅላቂት የሳሙና ስባሪ አትጥልም፤ አንዱን ካንዱ እያጣበቀች ዝንጉርጉር ኳስ ትሠራለች። እትዬ ቀስ ብላ ቀና አለችና የመታጠቢያውን ጠርዝ አየች። ኳሱ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ።

ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ።

«ልብ ወለድ ነው እኮ እትዬ!» አላት ደራሲው ስትጠይቀው። «አንቺ ደግሞ! ሰው እኮ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ለቅላቂትን ነው። የሚያስፈራም የሚያስቅም ጭራቅ መፍጠር ቀላል መሰለሽ?»

«ማንን ነው ያስፈራችው?»

ደራሲው አሰበ። «እንግዲህ… ይበልጥ ታስቃለች።»

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ጥርሱን መግጠም አቃተው። ሸሚዝ የሚያመጣ ደንበኛ «ቆዳዬን ብቻ አደራ» ይላታል። አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ከኋላ ወንበር የሆነ ሰው ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፤ አውቶቡሱ በሙሉ ይንከተከታል። እትዬ ካውያዋን እንደዚያ ሰሞን አጥብቃ ይዛው አታውቅም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ጸሎቱን ትታ ቂሙን ያዘች፣ ሳሏንም ዋጠች።

ቀን የወጣላት ባለ ፎቶ ኮፒዋ መጋረጃዋን ልታሳጥብ የመጣች ዕለት ነው። የደራሲው መጽሐፍ የሚበስለው እሷ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነበር። እሑድ እሑድ ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ፤ እያንዳንዱ ያልሆነውን ሰው ይሆናል፤ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ ሌባ፣ ደራሲው አይበገሬ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ ተራኪ ናት። «ዋሻ ደረሳችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች፤ እነሱ ያሰቡትን ይናገራሉ፤ ያጠራጠረውን ባለ ሃያ ፊት የቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ፣ ይፈርደዋል፤ ትንሽ ቁጥር የወጣለት አይሳካለትም። ደራሲው ቤቱ ገብቶ የሆነውን ሁሉ ይጽፋል። መቅድሙ ላይ ሳይቀር «ጠረጴዛችን ላይ የሞተ መጽሐፌም ውስጥ ይሞታል፤ እኔ አንባቢ አላታልልም» ብሎ ፎክሯል።

«በሚመጣው እሑድ ለሁለተኛው መጽሐፍ ረግረጉን ዳግም ሊሻገሩ ነው» አለች ባለ ፎቶ ኮፒዋ። «እኔ ግን ለቅላቂትን መጫወት መረረኝ። ገና አፌን ስከፍት ይንፈራፈራሉ። አስፈሪው ሁሉ በፌዝ እየተበላሸ አንጀቴ ሲያር ጊዜ ደንብ አወጣሁ። አስፈሪ ቦታ ላይ አፊዞ የሳቀ ገጸ ባሕርዩን ይቀብራል። አለቀ። ገጸ ባሕርዩ የተጻፈበትን ወረቀት እቀደዋለሁ፣ ይግባኝ የለም።»

እትዬ መጋረጃውን ማጠፍ ተወች። «አይበገሬም ቢሆን?»

«አይበገሬም ቢሆን! ግን ወንድምሽ አይስቅም። ድንጋይ ነው።»

እትዬ ጉሮሮዋን ሁለቴ ጠረገች። «እኔ ምን ቸገረኝ… ብቻ ለቅላቂትን ሌላ ሰው ቢጫወታትስ?»

እትዬ የምታውቀው፣ ጠረጴዛው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ወንድሟ ሲፈራ ይስቃል። ልጅ ሳለ ውሻ ግድግዳ ላይ ሲያስጠጋው ይስቅ ነበር፤ አባታቸው ቀበቶውን ሲፈታ ይስቅና «ጭራሽ ታሾፍብኛለህ!» ተብሎ እጥፉን ይገረፍ ነበር። እትዬ መሐል ገብታ «አባዬ፣ ፈርቶ ነው! ፈርቶ ነው!» እያለች ስንቱን ዱላ በጀርባዋ ተቀብላለታለች። ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ የሆነው ደፋር ስለሆነ አይደለም። ከወረቀት ዘንዶ ውስጥ የሚያስፈራው አንድም ስለሌለ ነው።

እሑድ ከሰዓት የፎቶ ኮፒው ጓዳ በወረቀት ካርቶን ተጣቧል። ማሽኑ ገና አልበረደም፤ የቀለሙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ደራሲው ሳሕን ሙሉ ብስኩት ፊቱ አስቀምጧል። አጠገቡ ጠንቋዩን የሚጫወተው የጥርስ ሐኪም አለ፤ ከሐኪሙ ቀጥሎ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጢሙ የሚጫወተው ሌባይቱን ነው።

«እትዬ! አንቺን ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?» አለ ደራሲው።

«ተጋብዤ ነው። ጭራቅ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ።»

ሐኪሙ ከወዲሁ መሐረቡን አፉ ውስጥ ወተፈ።

«ረግረጉ ደረሳችሁ» አለች ተራኪዋ። «ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ለቅላቂት ወጣች።»

እትዬ ጉሮሮዋን ሁለቴ ጠረገች። ልታስቅ ብላ አልነበረም፤ አፏ ደርቆባት ነው። ሐኪሙ መሐረቡን ከነሳቁ ተፋው።

«ቀበርንህ» አለች ተራኪዋ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ገና ምን አደረገች?»

«ጥርስህ ታየ።»

«ጥርስ ማሳየት እኮ ሙያዬ ነው!»

ወረቀቱ ለሁለት ተቀደደ። ሹፌሩ ጢሙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። ደራሲው ግን ብስኩት እየቆረጠመ «እኔን እንኳ አትችዪኝም» በሚል ዓይን እህቱን አያት።

እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የታመመ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው።

«አይበገሬ፣ ማዶ ለመሻገር በግቢዬ ታልፋለህ። ሌላ መንገድ የለም። ግቢዬ ውስጥ አንሶላ አስጥቻለሁ። እርጥብ ነው፤ ረድፍ በረድፍ።»

ብስኩቱ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። «በሰይፌ እቆራርጠዋለሁ» አለ ደራሲው።

«እርጥብ አንሶላ አይቆረጥም፤ ይጠመጠማል። ጣል ዳይሱን።»

ጣለ። ሦስት ወጣ።

«ሰይፍህን ረግረጉ ዋጠው» አለች ተራኪዋ፤ እሷም ሳታውቀው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

«አይዞህ» አለች እትዬ። «እኔ አለሁልህ። የመጀመሪያውን አነሳሁልህ። ማንም የለም።»

ደራሲው ቀለሙ ተለወጠ። ያቺን «ማንም የለም» ያውቃታል። ልጅ ሳለ መጸዳጃው ከጓሮ ነበር፤ ወደዚያ ለመሄድ በተሰጣ አንሶላ መሐል ማለፍ ግድ ነበር። ነፋስ ሲነፋው ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለውና እግሩ ይታሰር ነበር። እትዬ ናት ከፊት ከፊት እየሄደች፣ አንሶላውን አንድ በአንድ እየገለጠች፣ «ማንም የለም፣ አየህ? ማንም የለም» እያለች የምታሻግረው።

«ሁለተኛውንም አነሳሁልህ። ማንም የለም። ሦስተኛው ነፋስ ሳይኖር ተነፋ። ከሥሩ እግር ይታያል። ባዶ እግር።»

ሹፌሩ ጢሙን ለቀቀ።

«የማን እግር ነው?» አለ ደራሲው። ጥያቄው የአይበገሬ አልነበረም።

«ረሳኸው? ያኔም እኮ ነበረ። በየቀኑ ነበረ። ማንም የለም የምልህ እንዳትፈራ ብዬ ነው።» እትዬ ጎንበስ አለችና በሁለት ጣቷ አየሩን፣ የአንሶላ ጠርዝ እንደሚይዝ ሰው፣ ያዘች። «ላንሳው?»

ደራሲው ሳቀ።

ሳቁ መጀመሪያ እንደ ስቅታ አንዴ አመለጠው፤ ከዚያ ቀጠነ፣ ረዘመ፣ እንባ አወጣ። ሌላ ማንም አልሳቀም። ሐኪሙ መሐረቡን ደረቱ ላይ ይዟል። ሹፌሩ ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግቷል።

«አይበገሬ!» አለች ተራኪዋ ወረቀቱን እያነሳች። «ሳቅህ።»

«ፈርቼ ነው!» አለ ደራሲው ከሳቁ መሐል። «አፊዤ አይደለም! ስፈራ… ስፈራ እስቃለሁ! ከልጅነቴ ጀምሮ! እትዬን ጠይቂያት! እትዬ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ተራኪዋ እጇ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ወደ እትዬ ዞረች። «ደንቡ ፌዘኛን ለመቅጣት ነው። ፈርቶ ከሆነ ይተርፋል። ምን ትያለሽ? ፈርቶ ነው?»

እትዬ ወንድሟን አየችው። ዓይኖቹ የዚያ ልጅ ዓይኖች ነበሩ፣ ቀበቶ ሲፈታ የሚያዩዋት። ምላሷ በልማድ «ፈ…» ልትል ተነሳች። ከዚያ አውቶቡሱ ትዝ አላት። የኋላ ወንበሩ፣ የሸሚዝ ደንበኞቿ፣ «ይበልጥ ታስቃለች» ያለበት ረጋ ያለ ድምፁ።

ጉሮሮዋን ሁለቴ ጠረገች። ማንም ፈገግ አላለም።

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለች። «ግን እውነቱን ካልሽኝ፣ እኔን አይቶ መሳቅ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ሙሉ ስቋል።»

ወረቀቱ ተቀደደ። እትዬ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ተነሥታ ከሳሕኑ ብስኩት አነሳችና እየቆረጠመች ወጣች።

ደራሲው ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ቆጣሪ ማንበቢያ ቦርሳውን እንዳንገተ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። እትዬ ሸሚዝ እየተኮሰች ነው፤ አንዲት ደንበኛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች።

«እትዬ፣ ምዕራፉን መጻፍ አቃተኝ» አለ። «አይበገሬ መሞቱን እጽፋለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ግን ምን እንደገደለው አላውቅም። አንሶላውን አላነሳሽውም እኮ።»

«አላነሳሁትም።»

«ለቅላቂትን እለውጣታለሁ። ንግሥት ላድርጋት። ቆንጆ…»

«እንዳትነካት!» ካውያው እንፋሎት ተፋ። «አሁን ገና ነው የወደድኳት።»

ደራሲው ቦርሳውን ካንዱ ትከሻ ወዳንዱ አዛወረ። «እሺ ማን ነበር ከአንሶላው ኋላ? ይሄን ብቻ ንገሪኝ። እናታችን ናት?»

«አይደለችም።»

«አባዬ ነው?»

«ጭራሽ ራቅህ።»

«እኔ… እኔው ራሴ ነኝ?»

እትዬ ካውያውን አቆመችና ሸሚዙን ገለበጠችው፤ እጅጌውን በእርጋታ ዘርግታ ዳበሰችው። «ደራሲው አንተ። እኔ ምን አውቃለሁ? ገምት። ብቻህን ስትሆን፣ መብራቱን ከማጥፋትህ በፊት ገምት።»

ደራሲው ሳቅ አንዴ አመለጠው። አፉን በእጁ ያዘ፤ ሳቁ በጣቶቹ መሐል ሾለከ፣ ቀጠነ፣ ትከሻውን ያንቀጠቅጠው ጀመር።

ደንበኛዋ ከጥግ ቀና አለች። «ምነው፣ ምን አስቆት ነው?»

«ደራሲ ነው» አለች እትዬ፣ ወደ ሁለተኛው እጅጌ እየተሻገረች። «የሆነ ነገር እያሰበ ይሆናላ።»