የማናዬ ተራ

ማናዬ ለቢሮው ኃላፊ «ለቅሶ አለብኝ» ብሎ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰደ። የሞተ ሰው አልነበረም። የድሮ ባልደረባው የኋላሸት ሩዝ ለመትከል ወንፈል ጠርቶት ነው። እውነቱን እንዳይናገር ደግሞ ቢሮው በሙሉ «ያ ትቶን የሄደው ልጅ ደልቶታል አሉ» እያለ ሊከበው ነው። ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልቀረውም።

ሁለቱም የእርሻ ባለሙያዎች ነበሩ። ወረታ ላይ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሪፖርት ጽፈዋል፤ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል። ማታ ጋደም ሲሉ «እኔ እዚህ ወንበር ላይ አላረጅም» የሚለው ማናዬ ነበር። የእናቱን መሬት ጥግ አሜኬላ የሚሉት እሾህ ውጦታል። ያንን መንጥሮ የማንጎና የዘይቱን ችግኝ ሊያፈላ፣ ማንም ሳያዘው ወጥቶ ማንም ሳይጠይቀው ሊገባ ያስባል። ይህን ሲያወራ እንቅልፍ ይጠፋዋል። የኋላሸት ያዳምጥና አልፎ አልፎ «ይሁን እስቲ» ይላል። ባለፈው ዓመት ታዲያ ይኸው «ይሁን እስቲ» ባዩ ሰው፣ ሳያወራ ሳያስወራ ሥራውን ለቀቀና ከአጎቱ ማሳ በእኩል ይዞ ሩዝ ጀመረ።

ማናዬ እንደተሰረቀ ሰው ሆነ። ግን ለየትኛው ዳኛ ይናገራል? «እኔ ያወራሁትን እሱ ሠራብኝ» ተብሎ ክስ የለ። በሰኔ መጨረሻ የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳ በላ የሚል ወሬ ሲመጣ ልቡ ብድግ አለች። «የኋላሸት ማሳ ግን ተርፏል» ሲሉት ተመልሳ ተቀመጠች። ብድግ ባለችውም በተቀመጠችውም አፈረ፤ ማፈሩ ግን ቅናቱን አልቀነሰለትም።

ሐሙስ ጠዋት ማሳው ዳር ሲደርስ ገበሬዎቹ ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። መጀመሪያ ያየው ወንዴ ነው፤ ምላሱ የማያርፍ ጎረቤት።

«እሰይ! መንግሥት ራሱ ጭቃ ሊገባ መጣ! ሱሪህን ሰብስብ ወንድምዓለም፤ አልቅት ደሞዝተኛ ይወዳል።»

«ተወው አንተ» አሉ አያ አምባው፣ የወንፈሉ አለቃ የሆኑት ሽማግሌ። «ለጓደኛው ብሎ መጥቷል።»

ሲባጎው ከዳር እስከ ዳር ተወጠረ። ችግኙን በሲባጎው ልክ እየሰኩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ማናዬ ጎንበስ ብሎ እየተከለ በብብቱ ሥር የኋላሸትን ያያል። ከስቷል፤ ጠቁሯል፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። እነዚህን ሁሉ ቆጥሮ፣ ከላያቸው ላይ ጸጸት ፈለገ፤ አጣ።

«አይከብድም?» አለው።

«ይከብዳል እንጂ! ወገቤ አልቋል።» ሌላው ሰው «ልጅ ተወለደልኝ» በሚልበት ድምፅ ነበር ያለው።

ቀትር ላይ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው እንጀራ ቀርቦ ጠላ ዞረ። ደቦ ቢሆን በልቶ ጠጥቶ መሄድ ነው። ወንፈል ግን ቀኑ በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ የሠራህለት ነገ ላንተ ይሠራል። አያ አምባው እንደ ልማዳቸው ተራ ማስያዝ ጀመሩ።

«ወንዴ?»

«ሰኞ፤ የወንዝ ዳሩ ማሳዬ።»

ሁሉም ቀኑንና ማሳውን ተናገረ። አያ አምባው ወደ ማናዬ ዞሩ። «ያንተስ፣ ልጄ?»

ማናዬ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «እኔ... እንዲሁ ይሁን። ምንም የለኝ።»

«እንዲሁማ አይሆንም!» አሉ አያ አምባው። « ዕዳህን ተሸክመን እንሙት? የራሱ ሥራ የሌለው ሰው አለ?»

«ቢሮው ሄደን ሪፖርቱን እንጻፍለታ!» አለ ወንዴ። «ሲባጎ ወጥረን፣ ለአንድ ገበሬ አንድ መስመር!»

ሳቁ ማሳውን ሞላው። የኋላሸትም ሳቀ። ከሁሉ የከፋው የእሱ ሳቅ ነበር፤ ማናዬ የሚያወራውን ስድስት ዓመት የሰማ እሱ ብቻ ነውና።

ተከላው ሲያበቃ ጉና ተራራ ላይ ጥቁር ደመና ተከምሯል። የኋላሸት የቀረውን ችግኝ ይዞ ወደ ቤት ሄዷል፤ ሌሎቹም ለከብቶቻቸው ይጣደፋሉ። አያ አምባው ከመንገድ ዞረው «ማናዬ፣ ስትወጣ የውሃ መውጫውን ክፈተው» አሉ። «ዛሬ የተተከለ ሥር አልያዘም፤ ውሃ ከቆመበት ተነቅሎ ይንሳፈፋል።»

ይህን ማናዬ ያውቀዋል፤ ገበሬ ሰብስቦ አስተምሮበታል። መውጫው አጠገብ ቆመ። የተደፈነው በአንድ እቅፍ ጭቃ ነው፤ በእግር ገፋ ቢያደርገው ይበቃል። ቆሞ ቆሞ እግሩን ታጠበ፤ ጫማውን አደረገና ሄደ። «ረሳሁት እላለሁ» አለ በልቡ።

ዝናቡ ሌሊቱን አላባራም።

በማግስቱ ከቢሮው በፊት ወደ ማሳው የሄደው ሊረዳ አልነበረም። የኋላሸትን ፊት ሊያይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ የተጸጸተ ፊት።

የማሳው ዝቅተኛ ወገን ባዶ ሆኗል፤ ችግኙ ተንሳፎ ጥግ ላይ ተከምሯል። መውጫው አሁን ተከፍቷል። የኋላሸት ብቻውን ጭቃ ውስጥ ቆሞ ዝናቡን እየረገመ ይተክላል። ተክሎ ቀና ይላል፤ የተከለውን ያያል፤ አንዷን ነቅሎ አስተካክሎ መልሶ ይሰካታል። አስተካክል ያለው የለም፤ የሚያየው አለቃም የለም። ማናዬ ቅናት ማለት ምን እንደሆነ እስከዚያች ደቂቃ የሚያውቅ መስሎት ነበር። የዚህ ሰው ጉዳት እንኳ የራሱ ነው። እሱ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ ቢጠፋበት የሚረግምለት ነገር አልነበረውም።

«መጣህ?» አለ የኋላሸት።

«መውጫውን...»

«ረሳኸዋ።» ቀና ብሎ አየው። «አያ አምባው ግን መንገድ ላይ ሆነው፣ አጠገቡ ብዙ ቆመህ አይተውሃል።»

ማናዬ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። እስከ ቀትር ጎን ለጎን ተከሉ።

ሲጨርሱ የኋላሸት እጁን እየታጠበ «እንግዲህ ሁለት ቀን አለህ» አለው።

«የምን ሁለት ቀን?»

«የትናንትና የዛሬ። ያጠፋኸውን ከእግዜር ጋር ተነጋገርበት፤ ቀን ግን ቀን ነው። የት ልምጣልህ?»

የማናዬ ፊት ጋለ። ዳግመኛ «ምንም የለኝ» ማለት ከዚያ ማሳ ዳር ተመልሶ የማይነሣ ሰው መሆን ነው።

«ማክሰኞ ና!» አለ እንደሚጣላ ሰው። «ሥራ ያለህ አንተ ብቻ መሰለህ? የእናቴ መሬት ጥግ ና። ዶማና ገጀራ ያዝ፤ አሜኬላው ሰው አክሏል።»

«ይሁን እስቲ» አለ የኋላሸት።

ሰኞ ከሥራ መልስ ማናዬ እናቱ ዘንድ ሄደ። ነገ የኋላሸት ሲመጣ ያልተነካ ዱር ሊያገኝ ነው? ይህን ደስታ አይሰጠውም! እናቱ እማሆይ ወለተ ሐና ከደጃፉ ቆመው አዩት። «ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ?» አሉት፤ ገጀራውን አንሥቶ መመንጠር ጀመረ። እሾሁ እጁን ቧጨረው። ጥጉ ቀስ በቀስ ተገለጠ፤ ጥቁር አፈር ብቅ አለ። የመጀመሪያው የማንጎ መደብ የት እንደሚሆን በዶማው እጀታ ለካ። መልሶ ለካ። የኋላሸትን ረስቶት እንደነበር ትዝ ያለው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ትዝ ሲለው ገጀራውን አጥብቆ ያዘ።

ማክሰኞ ማለዳ ኃላፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው።

«ፈቃድ? ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

ማናዬ የተቧጨረ እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈ።

«ማንም» አለ። «ወንፈል አለብኝ። ተራው የኔ ነው።»