ሰኞ ዕለት የጀመረ እርጅና

ደክሞኛል። ይህን በቅድሚያ ልናገር፤ ኋላ «ምነው ጨከንሽ» እንዳትሉኝ። ቀን የሰው አባት አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የራሴን። በአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

አባዬ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ባልደረቦቹ «ፍሬን የለሹ» ይሉት ነበር። ሰው ስለገጨ አይደለም፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት ዶሮ እንኳ አልገጨም። መንገድ ላይ ስለማይቆም ነው። አንዴ ከመነሻው ከወጣ እስከ ምሳ ቦታ ድረስ መላእክት ወርደው ቢለምኑት አያቆምም። እሱ ራሱ የጉዞ ቀን ጠዋት ውሃ አይቀምስም ነበር። «ሹፌርና ግመል አንድ ነው» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ እምቢ ስላለው ሽንት ቤት ብቻውን አይደርስም። ቀን ቀን ጎረቤቴ ብቅ እያለች ምሳውን ታቀርብለታለች፤ እሷን ግን ለሽንት አስነሺኝ ማለት ሞቱ ነው፣ እኔን ይጠብቃል። የሽንት ዕቃ ባመጣለት «ሰው ነኝ እንጂ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው። ጭንቅላቱ ግን ምላጭ ነበር። ሬዲዮ ላይ የሚያወራውን ሁሉ ያርማል፤ የሠፈሩን ልጆች የልደት ቀን ከእናቶቻቸው በላይ ያውቃል።

ሰኞ ከሥራ ስገባ አባዬ ጥግ ላይ ባለው ኮት መስቀያ ላይ ይጮኻል።

«ረዳት! በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባኮ!»

ሳቅኩ። ይቀልዳል ብዬ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ሴትዮ፣ ቲኬትሽን አሳዪ» አለኝ። ዓይኑ ውስጥ እኔ የለሁም። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ማክሰኞ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ዋለ። ለመነሣት ሲሞክር ዞረበትና ወደቀ፤ ደግነቱ አልጋው ላይ ነው። ረቡዕ ብርድ ልብሱን እንደ መሪ ይዞ ሲያዞር አገኘሁት። ያኔ ወንድም ጋሼን ጠራሁት። ታላቄ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ አንድ ከረጢት ብርቱካንና ሁለት ከረጢት ምክር ይዞ ይመጣል።

«በቃ፣ ጃጅቷል» አለ አባዬን ከበሩ ላይ ሆኖ እያየው። «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል? አንቺም ሰው ነሽ። መሥሪያ ቤትሽ አልጋ ተለቋል አላልሽኝም?»

ተለቋል። በሩ ከውጭ በሚቆለፈው ክፍል፣ አእምሯቸው የሄደባቸው በሚቀመጡበት። ቁልፉ አንገቴ ላይ ይንጠለጠላል፣ እኔው ነኝ የምከፍተው። በአሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ክፍል በእግሩ የወጣ ሰው አላየሁም። አባዬን እዚያ ማስገባት ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ግን ደስ አለኝ። አበስኩ ገበርኩ፣ ደስ አለኝ! አንድ ሌሊት ጆሮዬን ሳላቆም መተኛት ታሰበኝና አንጀቴ ራሰ። «ሐሙስ እናመጣዋለን» ብዬ ወደ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ።

የመግቢያ ፎርሙን ዘርግቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ፎርም ለአረጋውያኑ ልጆች ስሰጥ ነው የኖርኩት፤ ሞልቼው አላውቅም። ያዘጋጁት አለቃችን ሲስተር ናቸው። ልብ፣ ትንፋሽ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ሽንት፣ እንቅልፍ፣ ማሰብ እያለ ይወርዳል። በእያንዳንዱ አንጻር ሦስት ጥያቄ አለ፦ ደህና ሳለ እንዴት ነበር? አሁንስ? ከመቼ ጀምሮ? ሲስተር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሰውነት ሥዕል በማስመሪያ እየነካኩ «ደህናው እንዴት እንደሚሠራ ሳታውቁ የታመመውን ልታውቁ ነው?» ይሉን ነበር። ስንቴ አዛግቼባቸዋለሁ!

«ዝም ብለሽ ሁሉም ላይ እርጅና በይው» አለ ወንድም ጋሼ፣ አናቴ ላይ ቆሞ። «ምን ያጨቃጭቃል?»

ልብ፣ ደህና። ትንፋሽ፣ ደህና። ውሃ፣ «በቀን ስድስት ብርጭቆ»። ጠዋት ጆግ ሙሉ ውሃ አጠገቡ አስቀምጬ እወጣለሁ፣ ማታ ባዶውን አገኘዋለሁ። ሽንት የሚለውን ዘለልኩት። ማሰብ የሚለው ጋ ደረስኩ። ደህና ሳለ? «ከእኔ ይሻላል» ብዬ ጻፍኩ። አሁንስ? «ኮት መስቀያውን ረዳት ይለዋል»። ከመቼ ጀምሮ? «ሰኞ»።

እጄ ቆመ።

ሰኞ? እርጅና ሰኞ ዕለት ይጀምራል እንዴ?

የሲስተር ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። «እርጅና ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ዓመት ይፈጅበታል። ያረጀ ሰው ስም ይረሳል፤ በሁለት ቀን ግን ልጁን አይረሳም። በድንገት የተለወጠ ነገር ካያችሁ እርጅና አትበሉ፣ ምክንያቱን ፈልጉ።» ይህን እኮ አዲስ ለሚቀጠሩት የማስረዳው እኔ ነኝ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ወደ ዘለልኩት ተመለስኩ። ሽንት። ቀድሞ ሌሊት ሦስቴ ያስነሣኝ ነበር። በዚህ ሳምንትስ? አንድም ቀን አልጠራኝም። ለምን አላልኩም፤ ተመስገን ብዬ ተኛሁ። ታዲያ ስድስት ብርጭቆ ገብቶ የት ቀረ?

ተነሥቼ ሄድኩ። «አባዬ፣ ምላስህን አሳየኝ እስቲ።»

«መጀመሪያ ቲኬት» አለ። ሲናገር አየሁት። ምላሱ እንደ አሮጌ ጫማ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ከወንበሩ አጠገብ መስኮቱ ሥር የእማዬ የአበባ ማሰሮ አለ። እኔ ውሃ ካጠጣሁት ወር አልፎኛል፤ ለራሴም ጊዜ የለኝ። በደረቅ ሊሞት ይገባው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተልፈስፍሷል፣ ግን አፈሩ ጭቃ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሳህን ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ጣቴን ብሰድ እስከ አንጓዬ ሰመጠ።

«ምንድን ነው?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ውሃው» አልኩ። «አባዬ ጠጣው ያልኩት ውሃ።»

በመጦሪያው የአርባ ሰው ብርጭቆ አንድ በአንድ እየጻፍኩ እውላለሁ። የራሴን አባት ባዶ ጆግ አይቼ አምኜ ተኛሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወንድም ጋሼ ፎርሙን እንደጨበጠ አባዬን ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደን ታክሲ ውስጥ አስገባው። ሐኪሟ ደሙንና ሽንቱን አስመርምራ ስትመጣ ፊቷ ተኮሳትሮ ነበር። «ሰውነቱ ደርቋል፣ የደሙ ጨው ከልክ በላይ ጨምሯል፣ ሽንቱም ኢንፌክሽን አለው። ያረጀ ሰው ውሃ ቢያልቅበትም ጥሙ እንደ ወጣት አይነግረውም። ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ ኩላሊቱ አይመለስም ነበር።» ግሉኮስ ተተከለለት። ሐሙስ የመጦሪያው አልጋ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፤ እኔን አየኝ። «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለ። «ሬዲዮዬንስ የት ጣልሽው?»

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ካበቃኝ በኋላ ጠየቅኩት። «አባዬ፣ ውሃውን ለምን ትደፋዋለህ?»

ጣራውን እያየ ነው የተናገረው።

«ሌሊት ስጠራሽ ትነሺና ኡፍ ትያለሽ።»

ምን ልበል? አላልኩም ልበል? ብያለሁ። በየሌሊቱ፣ ሦስቴ ከጠራኝ ሦስቴ።

«አንዲት ተሳፋሪ ሴትዮ ነበረች» አለ። «በዕድሜ የዛሬውን እኔን ታክላለች። ልጄ፣ እባክህ አቁምልኝ አለችኝ። በመስታወቱ አየኋትና ኡፍ አልኩ። አላቆምኩም። ስትወርድ ሹራቧን ከኋላዋ አስራ ነው የወረደችው፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ስንት ዓመቱ ነው፣ ረስቻት ነበር። ያንቺን ኡፍ ስሰማ መጣችብኝ። ካልጠጣሁ አላስቸግርሽም ብዬ ነው።»

እጁን ይዤ ተቀመጥኩ።

ቤት ስንመለስ አልጋውን ሽንት ቤቱ አጠገብ አዛወርን። ወንድም ጋሼ ቅዳሜና እሑድ እያደረ እሱ ይነሣል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ምክሩን አቆመ። ውሃውን ፊት ለፊቴ አስጠጣዋለሁ። «ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ ምን ይላል?» አልኩት።

«ወራጅ አለ ይላል።»

«እንግዲያው በል። እኔ አቆማለሁ።»

ሁለት ቀን ሙሉ እኔው እየጠየቅኩ ወሰድኩት፤ አፉን አልከፈተም። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ከሥራ ገብቼ፣ ያበጠ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ሻዬን ገና አንድ ፉት እንዳልኩ፣ ከክፍሉ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። ፈቃድ የሚለምን ሰው ድምፅ ነው።

«ወራጅ አለ።»

ተነሣሁ። ስነሣ ግን፣ ሳልይዘው፣ ኡፍ የሚለው አመለጠኝ። ሰምቶታል። በሩ ላይ ስደርስ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ፊቴን ያያል። ሴትዮዋ በመስታወቱ ውስጥ እንዲሁ ሳታየው አልቀረችም።

«አባዬ» አልኩት፣ «ያረጀ ፍሬን ሲይዝ ይጮኻል። ይይዛል ግን።»

ፊቴን አየ፣ አየ፣ አየና፣ «እኔማ እሱም አልነበረኝ» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።