ሁለት መጋዝና አንድ ጋቢ

ወልድያ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሁለት የማዕዘን መቁረጫ መጋዞች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቀለማቸው አንድ፣ እጀታቸው አንድ፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። ኢስሐቅ ከፊታቸው ቆሞ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ያያል። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሷል። የሚያየው ሰው ወባ የያዘችው ይመስለዋል እንጂ ጋቢውን የለበሰው ግራ እጁን ሊሸፍንበት ነው። ግራ እጁ አውራ ጣት ካጣ አምስት ወሩ ነው።

አጠገቡ የቆመው ገበየሁ ነው። ሁለቱ መርሳ ከተማ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው አሥራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኢስሐቅ ጁምዓ ሲሄድ ገበየሁ ቤቱን ይጠብቃል፤ ገበየሁ ለበዓል ሲቀር ኢስሐቅ ሥራውን ይሸፍናል። ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጣቱን የቆረጠው ግን ገበየሁ ነው። በትክክል ለመናገር፣ መጋዙን ያወረደው እሱ ነው።

የድሮው መጋዛቸው እንጨት ጠምዶ የሚይዘው ሞርሳ ገና ሥራ በጀመሩበት ዓመት ተሰብሮ ወድቆ ነበር። እነሱም ሌላ ከመፈለግ ሥራውን ለሁለት ተካፈሉት። ኢስሐቅ ጣውላውን በእጁ ይይዛል፤ ገበየሁ ዓይኑን ከእርሳሱ መስመር ሳይነቅል መጋዙን ያወርዳል። ኢስሐቅ እጁን ከዲስኩ ራቅ ካደረገ በኋላ «በል!» ይላል። «በል» ካልተባለ ገበየሁ አያወርድም። እጅ መጠበቅ የአንዱ፣ መስመር መጠበቅ የሌላው ድርሻ ነበር። አጉል አሠራር ነው የሚል ካለ፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንንም ያልነካ አሠራር፣ አጉልነቱ ለሠሪው አይታየውም።

የዚያን ዕለት ሙሄዲን የሚባል ጎረቤት ከመንገድ ላይ ሰላምታ ሰጠ። ኢስሐቅ ፊቱን አዙሮ «ወዓለይኩም ሰላም» አለና በዚያው በልማድ «በል!» አለ። እጁ ግን ካለበት አልተነሣም ነበር።

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ገበየሁ ደም በደም ሆኖ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «በል ያልከኝ መስሎኝ ነው፤ ኢስሐቄ፣ በል ያልከኝ መስሎኝ…» ሲል፣ ኢስሐቅ ጥርሱን ነክሶ «አላልኩም» አለ። ለምን እንዳለ ዛሬም አያውቀውም። ሕመሙ ይሆናል፤ ወይም የራሱን ሞኝነት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መቀበል ከሕመሙ ብሶበት ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርሳ በሙሉ ሰማው።

ከዚያ ወዲያማ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። አበጋሮቹ፣ የአገር አስታራቂዎቹ ሽማግሌዎች፣ ሼሁም ቄሱም ባሉበት አስቀመጧቸው። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ብለው ጀመሩ፤ ሥሩን ግን የቆፈረው የለም። ገበየሁ ድንጋይ ተሸክሞ ከኢስሐቅ እግር ሥር ወደቀ። ኢስሐቅ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብያለሁ» አለ። ሽማግሌ አለቀሰ። የገበየሁ ሚስት እልፍነሽ በገዛ እጇ የፈተለችውን ጋቢ አምጥታ በሰው መሐል አለበሰችው። አሁን የለበሰው ያንን ጋቢ ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ ኢማሙ ስለ ይቅርታ ሲያስተምሩ ስሙን ጠሩት። ሚስቱ ዙልፋ ገበያ ስትወጣ «የዚያ የደጉ ሰው ሚስት» እያሉ መንገድ ይለቁላታል። ኢስሐቅ ይኼን ሁሉ ምስጋና በላው። አልጣመውም፤ ግን በላው።

ባለሱቋ ምሕረት ሁለቱን መጋዞች በእጇ መታ መታ እያደረገች ታስረዳለች።

«ጋሼ፣ ልዩነታቸው ትንሽ ናት። ይኼኛው ሞተሩ ጠንከር ያለ ነው፤ ዋንዛ ይሁን ጥድ አይመርጥም። ሞርሳ ግን የለውም፤ እንጨቱን የሚይዝልዎ ሰው ያስፈልግዎታል። ያኛው በሞተር ትንሽ ያንሳል፤ ግን ሞርሳ አለው። እንጨቱን ጥምድ አድርጎ ይይዝልዎታል። ብቻዎን ይሠሩበታል።»

«ሞርሳ ያለውን ውሰድ» አለ ገበየሁ። ከገቡ ጀምሮ የተናገረው ይኼን ብቻ ነበር።

«ግራና ለተዋዋልነው የትምህርት ቤት በሮች ጠንካራው አይሻልም?» አለ ኢስሐቅ። « ሁለት ሰው ነን፤ ሞርሳ ምን ያደርግልናል?»

ገበየሁ መጋዞቹን ማየት አልፈለገም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለት ነክቶ አያውቅም፤ እንጨት ቤቱ ውስጥ ጣውላ ይሸከማል፣ ሙጫ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አሮጌውን መጋዝ ለቁራሌ የሰጠውም እሱ ነው።

«እኔ የለሁም፣ ኢስሐቅ» አለ ቀስ ብሎ። «ሐራ ላይ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ። የግራናውን በሮች ጨርሰን እሄዳለሁ። ለዚህ ነው ባለሞርሳውን ያልኩህ። ብረት እንደኔ አይሳሳትም።»

«ጥበቃ? አንተ? አንድ ሚሊ የማትስት ሰው?»

«እጄማ ምን ሆነ። ጆሮዬ ነው።» ገበየሁ በጣቱ ጆሮውን ነካ። «ያልተባለ ነገር የሚሰማ ጆሮ ይዤ ከሰው እጅ አጠገብ አልቆምም። እልፍነሽ ሦስት ሳምንት ጸበል አስገባችኝ። የንስሐ አባቴም ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ግን ይኸው፣ ማታ ስተኛ አሁንም ‹በል› ስትለኝ ይሰማኛል። አላልከኝም፤ ግን ይሰማኛል።»

ኢስሐቅ ወደ መጋዞቹ ተመለከተ። አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየው፤ ስላየውም አፈረ። ባለሞርሳውን ገዝቶ ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያበቃል። ገበየሁ ሐራ ይወርዳል። ደግ ሰው የሚለው ስሙ መርሳ ላይ ይቀራል። እውነቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ሙሄዲን እንኳ ሰላምታውን ሰጥቶ አልፎ ሄዷል። ከሁለቱ አንዱን መጋዝ በጣቱ ከማሳየት በቀር ምንም አይጠበቅበትም ነበር።

«ልጄ» አላት ምሕረትን፣ «አንድ ጊዜ ታገሽን።» ከዚያ ወደ ገበየሁ ዞረ። ግራ እጁን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ፣ በሁለቱ መጋዞች መሐል አስቀመጠው። ምሕረት አየችውና ዓይኗን ሰበር አደረገች።

«ብያለሁ» አለ።

«ምን?»

«በል ብዬሃለሁ። ሙሄዲን ሰላም ሲለኝ ዞር አልኩና እጄን ሳላነሣ በል አልኩህ። ጆሮህ ምንም አልሆነ። ልክ ነው የሰማኸው።»

ገበየሁ እንዳልገባው ሰው ቆሞ ቀረ።  ከዚያ ባጠገቡ ባለ የምስማር ካርቶን ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ድገማት» አለ።

«በል ብዬሃለሁ፣ ገበየሁ።»

«ሽማግሌዎቹ ፊት ድንጋይ ስሸከም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጋቢውን ስትለብስስ?»

ኢስሐቅ የጋቢውን ጫፍ ጨበጠ። ይኼን ቀን በልቡ ብዙ ጊዜ አስቦት ነበር፤ ገበየሁ ይሰድበዋል፣ ወይም አንገቱን ያንቀዋል፣ ወይም ደግነቱ ያሸንፈውና ያቅፈዋል ብሎ ነበር። ገበየሁ ከሦስቱ አንዱንም አላደረገም። ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ሸፈነ፣ ከዚያ ለቀቃቸው፣ እንደገና ሸፈናቸው። ከውጭ የመኪና ረዳት «ቆቦ! ቆቦ!» እያለ ይጣራል። ገበየሁ ያዳምጠው ነበር። ዕንባው ጉንጩ ላይ ወረደ።

«ጣትህን ነው የቆረጥኩብህ ስል» አለ በመጨረሻ፣ «አንተ ጆሮዬን ወስደህብኝ ኖሯል።»

«አውፍ በለኝ።»

«እዚህ አይደለም።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «እቺ ልጅ ሥራ ፈታች። መጋዙን ግዛና ና።»

«የትኛውን?»

«ባለሞርሳውን። ቅድም ላንተ እጅ ብዬ ነበር፤ አሁን ላንተ አፍ ነው። ከእንግዲህ አንተ በል ስላልክ የማወርደው መጋዝ የለም።» ይኼን ብሎ ወጣ።

ኢስሐቅ ባለሞርሳውን አስጠቅልሎ፣ በዘጠኝ ጣቱ እየታገለ ካርቶኑን ታቅፎ መናኸሪያ ሲደርስ፣ ገበየሁ ሄዷል ብሎ ነበር። አልሄደም። የመርሳው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎኑ ያለውን ቦታ በባርኔጣው ይዞለታል። ኢስሐቅ ገባ፤ ካርቶኑን በእግሮቻቸው መሐል አስቀመጡት። 

መንገድ ላይ ካለችው ሲሪንቃ ሲደርሱ ኢስሐቅ ጋቢውን አወለቀ። አጣጠፈና በገበየሁ ጭን ላይ አኖረው።

ገበየሁ ጋቢውን በመዳፉ ዳበሰው። የሚስቱን ፈትል ያውቀዋል።

«እልፍነሽ በሰው ፊት ነው ያለበሰችህ» አለ። «በሰው ፊት ትመልሰዋለህ። ማክሰኞ አበጋሮቹን ጥራ። ሼሁም ቄሱም፣ የዚያን ቀን የነበረ ሁሉ ይምጣ። አሁን ያልከኝን እዚያ በል፤ እኔም ይቅር የምልህ እዚያ ነው።»

«እጠራለሁ። ወላሂ እጠራለሁ።» ኢስሐቅ ወደ እሱ ዞረ። «ሐራስ?»

«የማክሰኞውን ሰምቼ ነው የምነግርህ።» ገበየሁ ጋቢውን አንሥቶ መለሰለት። «እስከዚያ ልበሰው።»

መንገዱ ወደ መርሳ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ በመስኮቱ ይገባ ጀመር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ያለውን ልብስ ያወልቃል። ኢስሐቅ ጋቢውን ዘርግቶ ለበሰው። ፊት ለፊቱ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞረው አዩትና «አንቱ ሰው፣ አይሞቅዎትም?» አሉት።

«ይሞቀኛል አባቴ» አላቸው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ጋቢውን ግን አላወለቀውም።